መስጊድ ስትጋበዙ፦ ከቤት ከመውጣት ጀምሮ እስከ መመለስ

ጎረቤታችሁ ልጁን ሊድር ነው፤ ኒካሑ መስጊድ ነው ተብላችሁ ተጠራችሁ። ወይም የሥራ ባልደረባችሁ አባት ዐርፈው ከዙህር (ከቀትር ሶላት) በኋላ ይሰገድባቸዋል ተባለ። ወይም ሐረርን ልትጎበኙ ሄዳችሁ አስጎብኚው አንድ የመስጊድ በር ላይ አደረሳችሁ። ይሄኔ ብዙ ክርስቲያን ወዳጆቼ የሚሉት አንድ ነው፦ «ገብቼ የማይሆን ነገር ባደርግስ?»

አንዳንዱ በዚሁ ስጋት አጥር ሥር ቆሞ ይመለሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተክርስቲያን መርካቶ ውስጥ ጎን ለጎን በቆሙባት ከተማ፣ ሰው የጎረቤቱን ደፍ ለመርገጥ እንዲህ መጨነቅ የለበትም። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ይቀላል። መስጊድ ውስጥ የሚሰግድ ሰው ከጌታው ጋር እየተነጋገረ ነው። ንግግሩን አታቋርጡበት። የጫማው፣ የስልኩ፣ የሽታው፣ የአካሄዱ ሥርዓት በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጭ ነው። እዚህ ያልጻፍኩት ነገር ቢያጋጥማችሁም «ይሄ የሚሰግደውን ሰው ይረብሸዋል ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱን አታጡትም።

መግባት ይፈቀዳል ወይ?

ይፈቀዳል። በአገራችን በብዛት የሚሠራባቸው የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች (የሃይማኖት ሕግ ትምህርት ዘርፎች) ሙስሊም ያልሆነ ሰው መስጊድ እንዳይገባ አይከለክሉም፤ ሻፊዒዎች የሙስሊም ፈቃድ ይኑረው ይላሉ። መካ ያለው ሐረም (የተከበረው ቅዱስ ስፍራ) የተለየ ነው፤ እዚያ የሚገባው ሙስሊም ብቻ ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከነጅራን የመጡ ክርስቲያን መልእክተኞችን መዲና ባለው መስጊዳቸው እንደተቀበሏቸው የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሊቃውንት ይተርካሉ። ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ልብ የሚያሞቅ ሌላ ታሪክ አለ። በኢድ ቀን ሐበሾች እዚያው መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ ነቢዩ ባለቤታቸው ዓኢሻ ከኋላቸው ሆና እንድትመለከት ፈቅደውላት ነበር። ይህ በሐዲስ (የነቢዩን ንግግርና ተግባር በሚተርከው ዘገባ) የተመዘገበ ነው። የመጀመሪያው ሙአዚን (የሶላት ጥሪ አሰሚ) ቢላልም ዘሩ ከሐበሻ ነው። ስለዚህ እኛ በመስጊድ እንግድነታችን ጥንት የተጀመረ ነው።

ፈቃድ ማግኘት ከባድ አይደለም። የጋበዛችሁ ሰው ካለ እሱ በቂ ነው፤ በር ላይ ተገናኙና አብራችሁ ግቡ። የምታውቁት ሰው ከሌለ የበሩን ጥበቃ ወይም ግቢ ውስጥ ያገኛችሁትን ትልቅ ሰው «እንደምን ዋሉ፣ መስጊዱን ማየት ፈልገን ነበር፣ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ወደ ኢማሙ ወይም ወደ ኮሚቴው ይወስዷችኋል። «ዛሬ አይመችም» ከተባላችሁ አመስግናችሁ ተመለሱ። አትከራከሩ።

ሰዓት መምረጥ

በቀን አምስት ሶላት አለ። ሱብሒ ጎሕ ሲቀድ፣ ዙህር ከቀትር በኋላ፣ ዐስር ወደ ማታው ሲል፣ መግሪብ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዒሻ ከመሸ። ሰዓቱ ከፀሐይ ጋር ስለሚሄድ ከወር ወር ትንሽ ይቀያየራል።

ለጉብኝት ከሆነ ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ይመረጣል። ሰው ይቀንሳል፤ የሚያስጎበኛችሁም ሰው ተረጋግቶ ያጫውታችኋል። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ግን ለጉብኝት አትሂዱ። ለጁምዓ ሰዉ ቀደም ብሎ ይጎርፋል። መርካቶ ውስጥ ሰጋጁ ከግቢው ተርፎ አስፋልት ላይ ሁሉ እያነጠፈ ይሰግዳል። መኪና ይዛችሁ በዚያ ሰዓት ለማለፍ ከመታገል ቀድሞ ሌላ መንገድ መያዝ፣ ወይም ቆሞ መጠበቅ ነው። ክላክስ ማድረግማ በፍጹም።

አለባበስ

ሴቶች ፀጉርና አንገት ይሸፈናል፤ እጅጌ እስከ እጅ አንጓ፣ ቀሚስ እስከ ቁርጭምጭሚት ይሁን። ልብሱ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ገላ አያሳይ። «ነጠላ ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። ይሆናል፤ ስስ ከሆነ ግን አጥፋችሁ ድርብ አድርጉት። ሻርፕ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ አንድ መርፌ ቁልፍ ያዙ። በየደቂቃው ሻርፕ ከማስተካከል ያድናችኋል። ጠባብ ሱሪ የለበሰች ሴት ከላዩ ረጅም ቀሚስ ወይም አባያ ብትደርብ ጥሩ ነው።

ወንዶች ቁምጣና እጅጌ የሌለው ካናቴራ አይሆንም። ረጅም ሱሪና ሸሚዝ ይበቃል። ኮፊያ ማድረግ አይጠበቅባችሁም፤ ጀለቢያ መከራየትም አያስፈልግም። አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፦ ጀርባው ላይ ትልቅ ጽሑፍ ወይም የሰው ፊት ያለበት ቲሸርት። ከኋላችሁ የሚሰግደው ሰው ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሌላ ልበሱ።

ስለ ማተብ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ማተባችሁን ፍቱ የሚላችሁ የለም። እንግድነት ሃይማኖትን ማስካድ አይደለም። ትልቅ መስቀል በልብስ ላይ ካንጠለጠላችሁ ግን ወደ ውስጥ መለስ ብታደርጉት ጨዋነት ነው።

ከሁሉም በላይ ንጽሕና። ካልሲ የታጠበ ይሁን። ነጭ ሽንኩርት ወይም ጥሬ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጊዳችን ይራቅ የሚል ሐዲስ አለ፤ ይህ የሚመለከተው መጀመሪያ እኛን ሙስሊሞችን ነው። ዳጣ በልታችሁ ከሆነ አፋችሁን አጽዱ። ሲጋራ አጭሳችሁ ወዲያው አትግቡ። መጠጥ ቀምሶ መምጣት ግን ጭራሽ አይሆንም፤ በዚያ ቀን ቅሩ። ጫት በጉንጭ ይዞ መግባትም እንዲሁ ነውር ነው።

በሩ ላይ

ስልካችሁን ገና ግቢ ሳላችሁ ዝጉ ወይም ድምፁን አጥፉ። «ንዝረት ላይ አድርጌዋለሁ» አይበቃም፤ ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት ንዝረቱም ይሰማል።

ጫማ ማውለቅ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቤተክርስቲያንም ይወለቃል። ልብ የሚባለው የት ላይ እንደሚወለቅ ነው። ምንጣፉ ሰው ግንባሩን የሚያሳርፍበት ነው። ሱጁድ ሲወርድ ግንባርም አፍንጫም እዚያ ላይ ያርፋል። ስለዚህ በጫማ የሚረገጠውና በባዶ እግር የሚረገጠው ቦታ እንዳይቀላቀል ይፈለጋል። ደፉ ጋ ስትደርሱ አንዱን ጫማ አውልቃችሁ ያንን እግር ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ካልሲያችሁን ውጭ ያለው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አሳርፋችሁ ወደ ምንጣፉ አትውጡ። ውዱእ ማድረጊያው (ከሶላት በፊት መታጠቢያው) አካባቢ ደግሞ ነጠላ ጫማ ታገኛላችሁ፤ እሱ እዚያው የሚቀር ነው።

ጫማውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጡ። ሰው በሚበዛበት ቀን ፌስታል ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ሶሉን ለሶል ገጥማችሁ በፌስታል አስሩና ከአጠገባችሁ አኑሩት፤ ጫማ እንዳይጠፋና እንዳይቀያየርም ይረዳል። መተላለፊያ ላይ ጫማ ጥሎ መግባት ግን ሽማግሌዎችን ያደናቅፋል።

ብዙ መስጊዶች የሴቶች መግቢያ ለብቻው አላቸው። አንዳንዱ ጋ ፎቅ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ጋ በመጋረጃ የተለየ። ባልና ሚስት ሆናችሁ ከመጣችሁ በር ላይ ትለያያላችሁ፤ ስትወጡ የት እንደምትገናኙ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በቀኝ እግር መግባት፣ በግራ መውጣት የሙስሊሞች ሱና (ከነቢዩ የተወረሰ ልማድ) ነው። እንግዳም ቢያደርገው ደስ ይላል፤ ባያደርገው ማንም አይወቅሰውም። ሰላምታ ዝግ ባለ ድምፅ ይሁን። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብትሉም፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብትሉም ጥሩ ነው። ተቃራኒ ፆታን ለመጨበጥ ቀድማችሁ እጅ አትዘርጉ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ጎንበስ በሉ። ይህ ለመናቅ አይደለም፤ ብዙ ሃይማኖተኛ ሙስሊም ከቤተሰቡ ውጭ ያለን ተቃራኒ ፆታ አይጨብጥም።

ውስጥ፦ የት መቆም፣ የት መቀመጥ

ሰው የሚሳሳተው ይበልጡን እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ የፊቱን አቅጣጫ እወቁ። ሁሉም የሚሰግደው መካ ወዳለው ካዕባ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ ሰሜን ማለት ነው። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቅስት ታያላችሁ። ሚህራብ ይባላል፤ ኢማሙ የሚቆምበት ነው። አጠገቡ ያለው ባለ ደረጃ መድረክ ሚንበር ነው፤ የዓርብ ኹጥባ (ስብከት) ከዚያ ላይ ይሰማል። ከሩቅ ተመልከቱ፤ ሚህራቡ ውስጥ ገብቶ መቆም ወይም ሚንበር ላይ መውጣት አይሆንም።

ምንጣፉ ላይ ያሉት መስመሮች ሶፍ ናቸው። ሰጋጆች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚቆሙባቸው ናቸው፤ በመካከል ክፍተት መተው አይወደድም። እናንተ ሶፍ መሐል ከተቀመጣችሁ ሶላት ሲጀመር ሰዉ በእናንተ ዙሪያ ይቸገራል። ስለዚህ የኋላውን ግድግዳ ተጠግታችሁ ተቀመጡ። ጉልበት ለሚያመው ወንበር አለ፤ ያለ ይሉኝታ ጠይቁ።

የሶላት ሰዓት ባይሆንም ለብቻው የሚሰግድ ሰው አይጠፋም። ከፊቱ አትለፉ። ከሰጋጅ ፊት የሚያልፍ ሰው ያለበትን ቢያውቅ ኖሮ ከማለፍ ይልቅ አርባ መቆም ይሻለው ነበር የሚል ሐዲስ አለ። የተረከው ሰው አርባ ቀን ይሁን አርባ ወር ወይም አርባ ዓመት እርግጠኛ አልነበረም። ክብደቱን ከዚህ ገምቱ። በኋላው ዙሩ፤ መንገድ ከሌለ እስኪጨርስ ቁሙ፤ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

የሚሰግድ ሰው ሰላም ብትሉት አይመልስም። እንዳትቀየሙት። ሶላት ውስጥ መናገር ሶላቱን ያበላሽበታል። መጨረሻ ላይ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞሮ ሲያሰላምት ደግሞ ሶላቱን መዝጋቱ ነው፤ እጅ ልጨብጥ ብላችሁ አትነሱ።

ቁርኣን መደርደሪያ ላይ ወይም የእንጨት ማስቀመጫ ላይ ታያላችሁ። ማየት ከፈለጋችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁ፤ ገልጦ ያሳያችኋል። ሙስሊሙ ራሱ ዐረብኛውን ቁርኣን የሚነካው ውዱእ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ በራሳችሁ አታንሱት። ቁርኣን ወለል ላይ አይደረግም፤ በላዩ ስልክም ሆነ ቦርሳ አይደረግም። እግር ወደ ቁርኣንና ወደ ቂብላ (ወደሚሰገድበት አቅጣጫ) ዘርግቶ መቀመጥም በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አጥፋችሁ ተቀመጡ።

ሶላት ሲጀመር

አዛን (የሶላት ጥሪ) ሲሰማ ወሬ አቁሙ። ጥቂት ቆይቶ ኢቃማ (ሶላቱ ሊጀመር ነው የሚል ሁለተኛ ጥሪ) ይባልና ሰዉ ይሰለፋል። እናንተ ባላችሁበት ተቀመጡ። አብራችሁ መነሳት፣ መጎንበስ፣ ግንባር መድፋት አይጠበቅባችሁም። ላለማሳፈር ብሎ ማስመሰልም አያስፈልግም። ሶላቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። በመካከሉ ተነስታችሁ አትውጡ፤ መቆየት የማትችሉ ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ውጡ።

ጁምዓ ላይ ከተጋበዛችሁ ኹጥባው እንደ ሶላት ይከበራል። ኢማሙ እየተናገረ አጠገብህ ያለውን ሰው «ዝም በል» ማለት እንኳ ውድቅ ንግግር ነው ተብሏል። ያልገባችሁን ነገር በልባችሁ ይዛችሁ ከሶላቱ በኋላ ጠይቁ።

ፎቶ

ባዶ አዳራሽና ጣሪያ ማንሳት ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ ግን ጠይቁ። የሚሰግድን ሰው ፊት፣ በተለይ ሴቶችን አታንሱ። ፍላሽ አጥፉ። ሱጁድ ላይ ያለ ሰው ጀርባ ፊት ቆሞ ራስን ማንሳት በጣም ያማል።

ሐረር ጁገል (በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ) ውስጥ በዩኔስኮ መዝገብ 82 መስጊዶች አሉ። ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ መኖሪያ ቤት መሐል የገቡ። ትግራይ ነጋሽ ያለው የአል ነጃሺ መስጊድም እንዲሁ ከሩቅ አገር ሳይቀር ጎብኚ የሚመጣበት ነው። ቅርስ ቢሆኑም ሙዚየም አይደሉም። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት የሰፈሩን ሰው አነጋግሩ።

ኒካሕ፣ ጀናዛ፣ ኢፍጣር

ኒካሕ አጭር ነው። የሙሽሪት ወልይ (እሷን ወክሎ የሚድራት ዘመድ)፣ ሙሽራው፣ ምስክሮችና አሳሪው ሸይኽ ይቀመጣሉ፤ መህሩ (ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው ስጦታ) ይጠቀሳል፣ ቃሉ ይባላል፣ ዱዓ (ልመና) ይደረጋል። እልልታና ጭብጨባ መስጊድ ውስጥ አይሁን፤ ግቢ ስትወጡ ወይም ቤት ስትደርሱ እልል በሉ። ዱዓ ሲደረግ እጅ የመዘርጋት ግዴታ የለባችሁም፤ «አሚን» ማለት ግን ከልብ ከሆነ ያምራል።

የጀናዛ (የሟች) ሶላት ቆሞ የሚሰገድ ነው፤ መጎንበስና ሱጁድ የለውም። አራት ጊዜ «አላሁ አክበር» ይባልና ያበቃል። ሟች ሳይዘገይ ስለሚቀበር ሰዓቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ «ነገ እደርሳለሁ» ካላችሁ ቀብሩ ሊያልፋችሁ ይችላል። ከሰልፉ በስተኋላ ቁሙ። ሙሾ ማውረድና ደረት መምታት እዚያ አይደረግም፤ እንባ ግን ማንም አይከለክልም። የአበባ ጉንጉን መግዛት አያስፈልግም። ቤተሰቡን «አላህ ይማረው፣ ሶብሩን ይስጣችሁ» በሏቸው። «እግዜር ያጥናችሁ» ብትሉም በደስታ ይቀበላሉ፤ ወሎ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሁለቱም ሲባል ኖሯል።

በረመዳን ለኢፍጣር (ለጾም መፍቻ) ስትጠሩ ከመግሪብ 15 ደቂቃ ያህል ቀድማችሁ ድረሱ። ቴምር፣ ውሃ፣ ሳምቡሳ፣ ሾርባ ይቀርባል። አዛን እስኪል አትንኩ፤ ባትጾሙም አብራችሁ ጠብቁ። ቀምሰው ወዲያው ለሶላት ይነሳሉ፣ ዋናው ምግብ ብዙ ጊዜ ከሶላት በኋላ ነው። ቆሻሻውን ለቅማችሁ ብትረዱ አስተናጋጆቹ ያመሰግኗችኋል። ይዛችሁ መምጣት ካማራችሁ ቴምር ወይም የታሸገ ውሃ ምን ጊዜም አይከፋም።

ዐረብ አገር ላላችሁ

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ ሁሉም መስጊድ ለጎብኚ ክፍት አይደለም። አቡ ዳቢ ያለው የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጊድና ዱባይ ያለው የጁመይራ መስጊድ ሙስሊም ያልሆነን ሰው በይፋ ያስተናግዳሉ። የአለባበስ ቁጥጥሩ ከአገር ቤት ይጠብቃል። ሌላ ቦታ ከሆነ የምታውቁት ሙስሊም ሳይኖር አትግቡ።

ለእኛ ለሙስሊሞቹ

እንግዳውን ብቻ መክሬ ብተው ፍትሕ አይሆንም። ሥርዓቱን በየቀኑ የምናጓድለው እኛ ነን። ኢቃማ ሲሰማ በሩጫ ምንጣፉን እያንቀጠቀጥን እንገባለን፤ የታዘዝነው ተረጋግተን መጥተን የደረስንበትን ሰግደን ያለፈንን እንድንሞላ ነው። ሳንቀመጥ ሁለት ረከዓ ተሒየተል መስጂድ (የመስጊድ ሰላምታ የሆነውን ሶላት) መስገዱን እንረሳለን። ዘግይተን መጥተን የሰው ትከሻ እየተሻገርን ወደ ፊት እናልፋለን። ውዱእ ላይ ቧንቧውን ከፍተን ወሬ እንይዛለን፤ ነቢያችን ግን አንድ ሊትር በማይሞላ ውሃ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ሴቶቻችን የሚሰግዱበት ክፍል ምንጣፉ ያረጀ፣ ድምፅ ማጉያው የማይሰማ ሆኖ ዓመት ሲያልፍ ዝም እንላለን። ይህ ያናድደኛል፤ ኮሚቴዎች እባካችሁ አስተካክሉት።

ልጆችንም አንቆጣ። ነቢዩ የልጅ ልጃቸውን ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል፤ የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙም እናቱ እንዳትጨነቅ ብለው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ወላጅ ልጁን አጠገቡ ይያዝ፣ ሌላው ይታገሥ።

እንግዳ ሲሳሳት ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ። አንድ የገጠር ሰው መዲና መስጊድ ውስጥ ገብቶ ሽንት ሸና። ሶሓቦቹ (የነቢዩ ባልደረቦች) ሊነሱበት ሲሉ ነቢዩ «ተዉት» አሉ። እስኪጨርስ ጠበቁት፣ ሽንቱ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ አስፈሰሱ፣ ከዚያ ሰውዬውን በለሰለሰ ቃል አስተማሩት። የእናንተ እንግዳ ቢበዛ ጫማውን ተሳስቶ ደፍ አሻግሮ ይሆናል። ከሩቅ አትጩኹበት። ተነሱና ጠጋ ብላችሁ በጆሮው ንገሩት፣ የሚቀመጥበትን አሳዩት፣ ሲወጣ ጫማውን ፈልጋችሁ እስከ ውጭ በር ሸኙት።